የሊቅ ምክርና የመንግሥት ሥራ

መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ የሚለው የአባቶች ቃል የሚነገረው ስለ ፍርድና ስለ ጦርነት ብቻ አይደለም። መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም የሚያሠራው ግድብም ሆነ ድልድይ መካር ያስፈልገዋል። ለዚህም የሆላንድ አገር ታሪክ መልካም ምስክር ነው።

የሆላንድ ምድር ዝቅተኛ፣ ከፊሉም ከባሕር ወለል በታች ስለ ሆነ፣ ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ ከውሃ ጋር ሲታገል ኖሯል። ዙይደርዜ የተባለው የባሕር ወሽመጥ ወደ አገሩ መካከል ጠልቆ ይገባ ነበርና፣ ኮርኔሊስ ሌሊ የተባሉት መሐንዲስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1891 ዓ.ም. አፉን በታላቅ ግድብ ለመዝጋት ንድፍ አወጡ። ንድፉ ግን ብዙ ዘመን ሳይፈጸም ቆየ። በ1916 ዓ.ም. ማዕበል ተነሥቶ መንደሮችን ካጥለቀለቀ በኋላ፣ ሌሊ ሚኒስትር ሳሉ፣ በ1918 ዓ.ም. ሕጉ ጸደቀ።

ዳሩ ግን አንድ ከባድ ጥያቄ ቀርቶ ነበር። ወደ ወሽመጡ ይገባ የነበረው ውሃ በሩ ሲዘጋበት ወዴት ይሄዳል? ከግድቡ ውጭ በሚቀሩት በፍሪስላንድ ጠረፍና በደሴቶቹ ላይ ባሕሩ ከፍ ቢል፣ አንዱን ወገን የሚያድነው ግድብ ሌላውን የሚያሰጥም ይሆናል። በዚህም ነገር አዋቂዎቹ ባንድ ቃል አልተስማሙም።

ስለዚህ መንግሥት በ1902 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት የተቀበሉትን የፊዚክስ ሊቅ ሄንድሪክ ሎሬንትስን የመርማሪ ጉባኤ ሊቀ መንበር አድርጎ ሾመ። ሊቁ በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው 65 ዓመት ገደማ ነበር፤ ቢሆንም ስማቸውን ብቻ ሰጥተው አልተቀመጡም። ከመሐንዲሶች ጋር ሆነው የውሃውን አካሄድ ራሳቸው አሰሉ፤ ስሌቱንም በባሕሩ ላይ ከተለካው ጋር አመዛዘኑ። ስምንት ዓመት ከደከሙ በኋላ፣ በ1926 ዓ.ም. ባቀረቡት መግለጫ ውሃው በየጠረፉ ምን ያህል ከፍ እንደሚል በቁጥር አስረዱ። በምክሩም መሠረት የግድቡ ጫፍ በፍሪስላንድ በኩል ወደ ሰሜን ተዛወረ፤ በውጭ የቀሩት ግድቦችም ከፍ እንዲሉ ተደረገ።

32 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ግድብ ግንቦት 28 ቀን 1932 ዓ.ም. ተዘጋ። ሎሬንትስ በ1928፣ ሌሊም በ1929 ዓ.ም. ዐርፈው ስለ ነበረ ፍጻሜውን አላዩም፤ በኋላ የተለካው ውሃ ግን ሊቁ አስቀድመው ከተናገሩት ጋር ተስማማ።

በዚያው አገር የተገላቢጦሹም ታይቷል። የመንግሥት መሐንዲስ የነበሩት ዮሐን ፋን ፌን በደቡብ ምዕራብ ያሉት ግድቦች ደካሞች መሆናቸውን ደጋግመው አስጠንቅቀው ነበር። ጦርነቱና የገንዘብ ማነስ እንቅፋት ሆነው፣ በቂ ሥራ ሳይሠራ የካቲት 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ሌሊት ባሕሩ ግድቦቹን ጥሶ 1,836 ሰዎች ሞቱ። የዙይደርዜ ዳርቻ ግን በግድቡ ተጠብቆ ዳነ። መንግሥት የዴልታን ጉባኤ ያቆመው ከዚህ ጥፋት በኋላ፣ አንድ ወር ሳይሞላ ነበር።

ሊቃውንቱ በሁለቱም ጊዜ ነበሩ፤ ልዩነቱ ምክሩ ሥራ በሆነበትና በመዝገብ በቀረበት መካከል ነው። ስለዚህ ሊቅ የሆነ ሰው የመረመረውን ሳይሸሽግና ሳያጋንን ያስረዳ፤ ሹም የሆነም ከሥራው አስቀድሞ ይጠይቅ፣ ለምርመራውም ጊዜና ገንዘብ ይስጥ፣ የተነገረውንም ይፈጽም። ከግድቡ ውጭ የሚቀረው ድኻ የሚታሰበው ያን ጊዜ ነው።