ተጨማሪ መረጃ፦ ባለ ሁለት ፕሮፔለር ጀልባ

ለፉሪ ሰው የኤሌክትሪክ ሞተር እንግዳ አይደለም፤ በዚያ በኩል የሚሄደው የጅቡቲ ባቡር በእርሱ ይነዳልና። በሬዲዮ የምትታዘዝ ትንሽ ጀልባ ለመሥራት የሚሻ ተማሪ ግን፣ ሁለቱን ፕሮፔለሮች አንድ ሞተር በማርሽ ያዙራቸው ወይስ ለእያንዳንዱ የራሱ ሞተርና የፍጥነት መቆጣጠሪያ ይሰጠው ብሎ አስቀድሞ መመርመር ይገባዋል። ፊተኛው ዙረታቸውን ያስተካክላል፤ ነገር ግን ማርሹ ይጮኻል፣ ኃይልም ይበላል። ኋለኛው፣ ምንም እንኳ ወጪው ቢበዛ፣ የግራውን አፍጥኖ የቀኙን በማዘግየት ጀልባይቱን እንበለ መሪ ወደ ቀኝ ስለሚመልሳት፣ በእኔ ፍርድ ይበልጣል። ፕሮፔለሮቹም እንደ መስተዋት ምስል ተገላብጠው በተፃራሪ አቅጣጫ ቢዞሩ፣ አንዱ ጀልባይቱን የሚያዘነብልበትን ኃይል ሌላው ይሽረዋል። ብሩሽ የሌለውን ሞተር ዙረት ለመገልበጥ ከ3ቱ ሽቦዎች ማናቸውንም 2 ማቀያየር ይበቃል።