«ዕጣ ወጥቶልዎታል» የሚል ደብዳቤ ሲመጣ

ተማሪ ለዕረፍት ወደ አገሩ ሲገባ ቤተ ዘመድ አስቀድሞ የሚያቀርብለት ሥራ ደብዳቤ ማንበብ ነው። ባለፈው ዕረፍት መተማ ዮሐንስ በገባሁ ማግሥት አጎቴ ሁለት ፖስታ ከሣጥናቸው አወጡና በሩን ዘግተው፣ «እስቲ ቀስ ብለህ አንብብልኝ፤ ጎረቤት እንዳይሰማ» አሉኝ። አጎቴ የራሳቸው የፖስታ ሣጥን ስለሌላቸው ደብዳቤዎቹ የደረሷቸው በሚያውቁት ነጋዴ ሣጥን ነው።

የመጀመሪያው ደብዳቤ የአሜሪካ ዲቪ ዕጣ እንደ ወጣላቸው ያበሥራል። የንስሩ ሥዕል፣ ማኅተሙም ፊርማውም አለበት። «ለማስፈጸሚያ» የሚሆን ገንዘብ በሰባት ቀን ውስጥ በአንድ ግለሰብ የባንክ ሒሳብ እንዲያስገቡ ያዝዛል፤ ነገሩን ለማንም እንዳይናገሩም ያስጠነቅቃል። አጎቴ ሁለት ኩንታል ሰሊጥ ሸጠው ልከዋል። ሁለተኛው ደብዳቤ «ቀሪ ክፍያ» ይጠይቃል፤ ለእርሱም ላማቸውን ሊሸጡ የገበያ ቀን ይጠብቁ ነበር። ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ ይኸው ነው።

ተንኮሉ የቆየ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት «የእስፓኝ እስረኛ» የተባለ ደብዳቤ በአውሮፓና በአሜሪካ ይዞር ነበር። አንድ ሀብታም ሰው በእስፓኝ ታስሯል፤ ለማስፈቻው ጥቂት ገንዘብ የረዳ ከሀብቱ ይካፈላል ይላል። ገንዘቡ ሲላክ አዲስ እንቅፋት ይፈጠራል፣ አዲስ ክፍያም ይጠየቃል። ዛሬም የተለወጠው ስሙ እንጂ ሥራው አይደለም።

ሕዝባችን የሚታለለው ሞኝ ስለሆነ አይደለም፤ ሐሰቱ የእውነትን ልብስ ለብሶ ስለሚመጣ ነው። የዲቪ ዕጣ በ1990 እ.ኤ.አ. በወጣ የአሜሪካ ሕግ የተመሠረተ ነው፤ ለብዙ ዓመታትም ዕጣ የወጣለት ሰው የምሥራቹን የሚሰማው በፖስታ በሚመጣ ደብዳቤ ነበር። ጎረቤቱ ያን ፖስታ ተቀብሎ ሲሄድ ያየ ሰው የእርሱም ተራ ቢደርስ ለምን ይጠራጠራል? ነገር ግን ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዕጣ ወጥቶልሃል የሚል ደብዳቤ መላክ ቀርቷል፤ ውጤቱን አመልካቹ ራሱ በማረጋገጫ ቁጥሩ ከአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ እንዲያይ ተደርጓል። የቪዛውም ዋጋ ቢሆን ለቃለ መጠይቅ ሲቀርቡ በኤምባሲ የሚከፈል እንጂ በግለሰብ ሒሳብ የሚገባ አይደለም።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲመጣ አራት ነገር እንጠይቅ።

አንደኛ፣ በእርግጥ ዕጣ ቆርጫለሁን? ብሔራዊ ሎተሪ በ1954 ዓ.ም. ከተቋቋመ ጀምሮ ቲኬት ሳይዝ ዕጣ የወጣለት የለም። አጎቴ ግን ከሁለት ዓመት በፊት ጎንደር ላይ አንድ ወጣት የዲቪ ፎርም ሞልቶላቸው ነበርና በዚህ ተሸነፉ። የማረጋገጫ ቁጥሩ የቀረው በወጣቱ እጅ ነው። ፎርም የሚያስሞላ ሁሉ ቁጥሩን ተቀብሎ ይሂድ።

ሁለተኛ፣ ገንዘብ አስቀድሜ እንድከፍል እጠየቃለሁን? የሎተሪ ግብር የሚቆረጠው ከሽልማቱ ላይ ነው። ስለዚህ «ክፍያውን ከሚደርሰኝ ላይ ቀንሱልኝ» ማለት ይበቃል። አታላዩ የሚቀንስበት ነገር ስለሌለው መልስ ያጣል።

ሦስተኛ፣ ለምን ያስቸኩለኛል? ለምንስ ዝም በል ይለኛል? ጥድፊያው እንዳናስብ፣ ምሥጢሩም እንዳንመክር ነው። በቆላው አገር ሰሊጥ ተሽጦ ገንዘብ በእጅ ሲገባ ደግሞ ችኮላው ይቀላል።

አራተኛ፣ ገንዘቡን የሚቀበለው ማነው? መሥሪያ ቤት በግለሰብ ስም ገንዘብ አይሰበስብም። በስልክ «ሽልማት ደርሶዎታል» ብሎ የቴሌብር ምሥጢር ቁጥር የሚጠይቅም የዚሁ ደብዳቤ ወንድም ነው።

ገንዘቡ ከተላከ በኋላ ደግሞ ማፈር አያስፈልግም። ፖስታውንና የባንኩን ደረሰኝ ይዞ በዚያው ቀን ወደ ባንኩና ወደ ፖሊስ መሄድ ይገባል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 አታላይነትን ይቀጣል፤ ነገር ግን ማስረጃው ከተጣለ ሕጉ ብቻውን አይረዳም።

አጎቴ በደብዳቤው ላይ በተጻፈው ስልክ ደውለው «ከሚደርሰኝ ቀንሱልኝ» አሉ። ሰውዬው ዘጋባቸው፤ ከዚያ ወዲያ ስልኩ አልሠራም። የሰሊጡ ገንዘብ አልተመለሰም፤ ላሟ ግን ከበረቷ አልወጣችም።

ከገንዘቡ ይልቅ ያሳዘናቸው ሌላ ነገር ነው። ነገሩን ለጎረቤታቸው ቢያወሩለት እርሱም ተነሥቶ ከትራሱ ሥር ተመሳሳይ ደብዳቤ አወጣ፤ የሒሳብ ቁጥሩ እንኳ አንድ ነው። ሁለቱ ሰዎች በየቀኑ አብረው ቡና እየጠጡ ምሥጢራቸውን ይጠባበቁ ነበር።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በሚመጣው ዕረፍት ወደየአገራችን ስንገባ ሽማግሌ ፖስታ ይዞ ቢመጣ ሳንስቅበትና ሳንቆጣው እናንብብለት። ካነበብንም በኋላ በሩን ከፍተን ጎረቤት እንጥራ።