በብርድ ወራት ወደ ሻምፓኝ ደርሶ መልስ

ፓሪስ የሚኖር ወይም ለበዓል ፓሪስ ዘመድ ጋ የሚሰነብት ሰው የሻምፓኝን አገር ማየት ሲያስብ፣ ብዙውን ጊዜ “ሙቀቱ ይምጣና” ብሎ ያቆየዋል። እኔ ግን ታኅሣሥና ጥርን እመርጣለሁ። ሻምፓኝ የሚሠራው ከመሬት በታች ነው፤ ጓዳዎቹም ዓመቱን ሙሉ ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ላይ ናቸው። በነሐሴ በስስ ሸሚዝ የገባ ጎብኚ ሲንቀጠቀጥ ይወጣል። ውጭው ዜሮ ዲግሪ በሆነበት ቀን የወረደ ሰው ግን ኮቱን ለብሷል፤ ጓዳውም ይሞቀዋል።

ጉዞው በባቡር መሆን አለበት። አንዱ ምክንያት ቅምሻው ነው፤ በቀን ሁለት ቦታ የቀመሰ ሰው መሪ መጨበጥ የለበትም፣ የፈረንሳይ የመንገድ ሕግም በዚህ አይቀልድም። ሌላው ምክንያት ቅርበቱ ነው። ከፓሪሱ ጋር ደ ሌስት ጣቢያ የሚነሳው ፈጣን ባቡር ሬምስ ከተማ የሚደርሰው በ45 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ይህ የሆነው ፈጣኑ መስመር እ.ኤ.አ. በ2007 ከተከፈተ ወዲህ ነው። ቲኬት ስትቆርጡ አንድ ነገር አስተውሉ። ሻምፓኝ-አርደን የሚባለው ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ እዚያ የወረደ ሰው በትራም ወደ መሀል መመለስ ይኖርበታል። መውረጃችሁ የሬምስ ማዕከላዊ ጣቢያ ይሁን።

ቀኑን ሦስት ማዕዘን አድርጋችሁ አቅዱት፤ ከፓሪስ ሬምስ፣ ከሬምስ ሌላዋ የሻምፓኝ ከተማ ኤፔርኔ፣ ከኤፔርኔ ፓሪስ። ስለዚህ የደርሶ መልስ ቲኬት ሳይሆን ሦስት የመሄጃ ቲኬት ያስፈልጋችኋል። የፈጣኑ ባቡር ወንበር ቁጥር አለው፤ ዋጋውም ቀኑ ሲቃረብ ስለሚጨምር ቀደም ብሎ መግዛት ይበጃል። የቀሩት ሁለቱ የአካባቢ ባቡሮች የወንበር ቁጥር የላቸውም፤ ጉብኝቱ ቢረዝም በሚቀጥለው መሳፈር ይቻላል። በዚህ ወቅት ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። የጠዋቱን ባቡር ከ2 ሰዓት ተኩል አታሳልፉት።

ሬምስ እንደደረሳችሁ ካቴድራሉ ከጣቢያው በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም። ግንባታው የተጀመረው በ1211 ነው። የፈረንሳይ ነገሥታት ዘውድ የሚጭኑት እዚህ ነበር፤ የመጨረሻው በ1825 ዘውድ የጫነው ሻርል አሥረኛ ነው። ግማሽ ሰዓት ስጡትና ወደ ጓዳው ውረዱ።

የሬምስን ጓዳዎች መጀመሪያ የቆፈሯቸው ወይን ሠሪዎች አይደሉም። በሮማውያን ዘመን የነበሩ ሰዎች ለግንባታ የሚሆን የጠመኔ ድንጋይ ሲያወጡ የተውት ጉድጓድ ነው፤ እንደ ጋን አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ። በ1729 የተመሠረተውና ከሻምፓኝ አምራች ቤቶች ሁሉ አንጋፋ የሆነው ሩዊናር በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጠርሙሶቹን እዚያ አስገባ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ፖመሪ ቤት የሚሄድ ሰው 116 ደረጃ ወርዶ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም መተላለፊያ ያገኛል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከተማዋ በመድፍ ስትደበደብ ነዋሪው የተጠለለው እነዚህ ጓዳዎች ውስጥ ነው፤ ልጆች ትምህርታቸውን የቀጠሉትም እዚያው ነው። አስጎብኚው ፈጥኖ የሚያልፈው ከሆነ ጠይቁት፤ ለእኔ ከጉብኝቱ ሁሉ ትልቁ ታሪክ ይህ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ተጠምቆ ያለቀ ተራ ወይን ጠጅ ጥቂት ስኳርና እርሾ ተጨምሮበት በጠርሙስ ይሞላና እንደ ቢራ በቆርኪ ይዘጋል። እርሾው ስኳሩን ሲበላ የሚወጣው ጋዝ መውጫ ስለሌለው ወይኑ ውስጥ ይሟሟል፤ ግፊቱ 6 ከባቢ አየር ገደማ ይደርሳል። ጠርሙሱ ያን ያህል ወፍራም የሆነው ለዚህ ነው። ድሮ ብዙ ጠርሙስ እዚያው ጓዳ ውስጥ ይፈነዳ ስለነበር ሠራተኞች የብረት ጭምብል አጥልቀው ይገቡ ነበር። በሕጉ መሠረት ተራው ሻምፓኝ ቢያንስ 15 ወር፣ የአንድ ዓመት ምርት ብቻ ተብሎ የሚሸጠው ደግሞ 3 ዓመት ጓዳ መቆየት አለበት።

ችግሩ አተላው ነው። የሞተው እርሾ ጠርሙሱ ውስጥ ቀርቶ ወይኑን ያደፈርሰዋል። መላውን ያመጣችው በ1805፣ በ27 ዓመቷ ባሏ ሞቶባት የሻምፓኝ ቤቱን የወረሰችው ማዳም ክሊኮ እንደሆነች ይነገራል። ከጓዳ ኃላፊዋ ጋር ሆና በ1816 ገደማ ጠረጴዛ አስበሳ ጠርሙሶቹን በአንገታቸው አስገባቻቸው። በየቀኑ ትንሽ እየዞሩ፣ ትንሽ እየተዘቀዘቁ ሲሄዱ አተላው ተንሸራቶ አንገቱ ላይ ይሰበሰባል። ጓዳ ውስጥ ስትሆኑ የጠርሙሶቹን ቂጥ ተመልከቱ፤ ነጭ የቀለም ሰረዝ ታያላችሁ። አዟሪው ምን ያህል እንዳዞረ የሚያውቀው በዚያች ሰረዝ ነው። የሠለጠነ ሰው በቀን እስከ 40,000 ጠርሙስ ያዞራል ይባላል። ዛሬ አብዛኛውን ይህን ሥራ ማሽን በሳምንት ገደማ ይጨርሰዋል፤ በእጅ ግን ከወር በላይ ይፈጃል። በመጨረሻ አንገቱ በጣም በቀዘቀዘ የጨው ውኃ ይነከርና አተላው በረዶ ሆኖ፣ ቆርኪው ሲከፈት ግፊቱ ራሱ ያስፈነጥረዋል። የጎደለው በወይንና በጥቂት ስኳር ይሞላል፤ ቡሹ የሚገባው ያኔ ነው። “ብሩት” የተባለው በሊትር ከ12 ግራም ያነሰ ስኳር አለው።

ከምሳ በኋላ ወደ ኤፔርኔ ተሳፈሩ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ባቡሩ ከሬምስ ተራራ ሥር ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝም ዋሻ ያልፋል። ገበሬው የወይኑን ሐረግ የሚገርዘው በእነዚህ ወራት ስለሆነ፣ የተቆረጠው ጭራሮ ባለ ጎማ ምድጃ ላይ ሲነድና ጭሱ በባዶው ማሳ ላይ ሲሳብ በመስኮት ልታዩ ትችላላችሁ። ኤፔርኔ ውስጥ ከጣቢያው ጥቂት ደቂቃ ተራምዳችሁ የሻምፓኝ ጎዳናን ታገኛላችሁ። በ1743 የተመሠረተው ሞኤት ያለው እዚህ ነው፤ ከከተማዋ ሥር የተቆፈረው ጓዳ በድምሩ ከ100 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ጠዋት ትልቅ ቤት ካያችሁ ግን ከሰዓት በኋላ ሁለተኛ ትልቅ ቤት አያስፈልግም። የራሱን ወይን ተክሎ ራሱ የሚጠምቅ ትንሽ ገበሬ ዘንድ ሂዱ። መመለሻው ከዚያው በቀጥታ ወደ ጋር ደ ሌስት ነው፤ አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ።

ቀኑን ስትመርጡ ለእኛ ሰው አንድ ነገር አለ። የፈረንጆች ገና የሚውለው በነቢያት ጾም መሀል ነው፤ ለሚጾም ሰው ከታኅሣሥ 29 በኋላ ያለው ጊዜ ይሻላል። ጥር 14 ቀን፣ ጥምቀት ባለፈ በሦስተኛው ቀን፣ የወይን ገበሬዎች ጠባቂ የቅዱስ ቪንሰንት በዓል ነው፤ በየመንደሩ ይከበራል። ሆኖም በጥር አንዳንድ ቤቶች ለሳምንታት ስለሚዘጉ መጀመሪያ ጓዳውን፣ ቀጥሎ ባቡሩን ያዙ።

ጠርሙስ ስትገዙ መለያው ግርጌ ያሉትን ጥቃቅን ፊደላት አንብቡ። “አር ኤም” ካለ ገበሬው ከራሱ ወይን የሠራው ነው፤ “ኤን ኤም” ከሆነ ከሌሎች ገበሬዎች ወይን የሚገዛ ነጋዴ ቤት ነው። በአውሮፕላን የምትመለሱ ከሆነ ደግሞ ከእጅ ሻንጣ ጋር አይገባምና በልብስ ጠቅልላችሁ ትልቁ ሻንጣ መሀል አስገቡት።