የቤተ ሰብ ፎቶግራፍ የያዘው ዲስክ በተበላሸ ጊዜ

በአገራችን ክረምት በሚባሉት በሐምሌና በነሐሴ ወራት በጅቡቲ ከተማ የሚጠበቀው ዝናም አይደለም፤ ካምሲን የተባለው አሸዋ ያዘለ ትኩስ ነፋስ ነው። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲወጣ የየቤቱ አየር ማቀዝቀዣ ሁሉ ባንድነት ይሠራል። የከተማው ኤሌክትሪክ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በከፊል ከኢትዮጵያ በተዘረጋው መስመር የሚመጣ ቢሆንም (ዓመቱን የምንጽፈው እዚህም ሆነ ከዚህ በታች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)፥ በእንዲህ ያለው ወራት መብራት አልፎ አልፎ መጥፋቱ አይቀርም።

እኛም ባለፈው ነሐሴ አንድ ቀን ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ፥ የዘጠኝ ዓመት የቤተ ሰባችንን ፎቶግራፍ የያዘውን ሐርድ ዲስክ ከኮምፒዩተራችን ጋራ አገናኝተን ስንመለከት መብራት ጠፋ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ተመልሶ ሲመጣ ዲስኩ ጠቅ፥ ጠቅ፥ ጠቅ የሚል ድምፅ ማሰማት ጀመረ፤ ኮምፒዩተሩም ከነጭራሹ አላወቀውም።

በዚያ ምሽት ፎቶግራፍ ፍለጋ የተቀመጥነው ለጨዋታ አልነበረም። እናታችን በዓዲግራት ካረፉ ሃያ ቀን ሆኖ ነበር። ለአርባቸው አንድ መልካም ፎቶግራፋቸው ተመርጦ በስቱዲዮ ጐልቶ እንዲታተም ወንድሞቻችን አደራ የሰጡት ለእኛ ነው፤ በቤተ ሰቡ ዘንድ ዕቃ አያያዝ ያውቃሉ እየተባልን የምንመሰገነው እኛ ነበርንና! የፈለግነውም አንዱን ብቻ ነበር። በ2019 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በባቡር መጥተው በናጋድ ጣቢያ ሲወርዱ ያነሣናቸው ነው፤ ነፋሱ ነጠላቸውን ወደ ኋላ ሲገፋው እርሳቸው ይሥቃሉ። በማግሥቱ በሲየስታ የባሕር ዳርቻ እግራቸውን ውሃ ውስጥ አግብተው የተነሡትም አብሮ ነበረ።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ የፈጸምነውን ስሕተት ሳንደብቅ እንናገራለን፤ ምናልባት ከአንባብያን አንዱን ይጠቅም ይሆናል። በዚያው ሌሊት ዲስኩን ሰባት ጊዜ አጥፍተን አበራነው። ይህ ከሁሉ የከፋው ነው። በሐርድ ዲስክ ውስጥ መስተዋት የሚመስሉ ክብ ሰሌዳዎች በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይሽከረከራሉ፤ ጽሑፉን የምታነበውም ጥቃቅን ራስ ከሰሌዳው በላይ በጥቂት ናኖሜትር ርቀት ትንሳፈፋለች። ናኖሜትር የሚባለው የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ራሷ ስትጐዳ ሥፍራዋን ፈልጋ ስለምታጣ እየተመለሰች ትመታለች፤ የሰማነው ጠቅታ ይኸው ነበር። ሰሌዳውን የነካችው እንደ ሆነም ፎቶግራፉ የተጻፈበትን ቅብ ትፍቀዋለች፤ የተፋቀውንም የሚመልሰው ጥበብ የለም። ጠቅታው እንደ ተሰማ ገመዱን ነቅሎ እጅን መሰብሰብ ይገባን ነበር።

(ይህ መሣሪያ መጀመሪያ ሲወጣ እንዲህ ያለ ረቂቅ ነገር አልነበረም። ኢቤኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1956 ዓ.ም. ያቀረበው ሐርድ ዲስክ 50 ሰሌዳዎች ነበሩት፤ ክብደቱም አንድ ቶን ያህል ነበር። የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ስለ ነበረ፥ ዛሬ በኪስ ስልክ የሚነሣውን አንዱን ፎቶግራፍ እንኳ መያዙ ያጠራጥራል።)

በነጋታው አንድ ደግ ጎረቤታችን «በፍሪጅ በረዶ ቤት አሳድራችሁ ሞክሩት» ብለው መከሩን። ምክሩ ከብዙ ዓመት በፊት የተስፋፋ ነው፤ ነገር ግን የጅቡቲን አየር ያህል እርጥበት ባለበት አገር ከበረዶ የወጣ ብረት ወዲያው ውሃ እንደሚያዝል ከቀዝቃዛ ጠርሙስ ማየት ይቻላል። ይህን ስሕተት እንኳ አልፈጸምነውም። ወደ አንድ ጠጋኝ ወስደነው ግን እርሱ በመንገድ ዳር ጠረጴዛው ላይ መፍቻ አንሥቶ ክዳኑን ሊከፍት ሲል በሩ በነፋስ ተወረወረና ጠረጴዛው ሁሉ አሸዋ ለበሰ። እኛም ይቅርታ ጠይቀን ዲስኩን ከእጁ ተቀበልነው። ለዚያች ራስ አንዲት የአቧራ ቅንጣት እንደ ተራራ ናት፤ ሐርድ ዲስክ የሚከፈተው አየሩ በተጣራ ክፍል ውስጥ ብቻ ነው።

ጕዳቱ ሁሉ ግን እንደዚህ ያለ አይደለም። ዲስኩ ያለ ጠቅታ በደኅና እየዞረ ፎቶግራፉ ብቻ አልታይ ብሎ እንደ ሆነ፥ በስሕተትም ተሰርዞ እንደ ሆነ ተስፋ አለ። አስቀድሞ ገመዱንና መያዣውን ለውጦ መሞከር ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እርሱ ነውና። ፎቶሬክ የሚባለው በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም የጠፉ ፎቶግራፎችን ከዲስኩ ውስጥ ይለቅማል። ሲለቅም ግን የተገኘውን በሌላ ዲስክ ማስቀመጥ ግዴታ ነው፤ በዚያው በታመመው ላይ የሚጽፍ ሰው ያልተገኘውን በገዛ እጁ ይደመስሳል።

ለእኛ የቀረልን ከዘመድ መለመን ነበር። በ2011 ዓ.ም. በጃፓን የባሕሩ ማዕበል ከተሞችን በጠረገ ጊዜ፥ ያማሞቶ በተባለች ከተማ በጎ ፈቃደኞች በጭቃ የተገኙትን የቤተ ሰብ ፎቶግራፎች አንድ በአንድ እያጠቡ ለባለቤቶቻቸው ለመመለስ እንደ ደከሙ እናውቃለን፤ እኛም እንዲሁ በየስልኩ ውስጥ ስንለቅም ሰነበትን። የናጋዱ ፎቶግራፍ በእኅታችን ልጅ ስልክ ላይ ተገኘ። ነገር ግን በቴሌግራም የተላከ ነበረና መጠኑ አንሶ፥ በስቱዲዮ ሲያጐሉት የእናታችን ፊት ደበዘዘ። (ፎቶግራፍ እንደ ፋይል ሆኖ ቢላክ እንደማያንስ የተማርነው ያን ጊዜ ነው።)

አሁን የቀረውን በሦስት ሥፍራ እናስቀምጣለን። ሦስት ቅጂ፥ በሁለት ዓይነት መሣሪያ፥ አንዱ ከቤት ውጭ ይሁን የሚለውን ደንብ ያስታወቁት ፒተር ክሮግ የተባሉ አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ ናቸው። ጅቡቲ ብዙ የባሕር ውስጥ የመገናኛ ገመዶች የሚወጡባት ወደብ ብትሆንም ሦስተኛውን ቅጂ በኢንተርኔት ለመላክ ብዙ ሌሊት ፈጀብን፤ ባለቤታችንም «ይህን ድካም ከነሐሴ በፊት ብትደክሙት ኖሮ» ብለው ዝም አሉ።

አርባው አንድ ሳምንት ሲቀረው ታላቅ ወንድማችን ከዓዲግራት ደወሉልን። የእናታችንን አልጋ ሲያነሡ ከሥሩ የብስኩት ቆርቆሮ ተገኘ፤ ሲከፍቱትም 41 ፎቶግራፎች በመሐረብ ተቋጥረው አገኙ። እናታችን የስልክ ሥዕል አይወዱም ነበርና፥ በየዓመቱ ለዘመን መለወጫ ጥቂት በወረቀት እያሳተምን በመንገደኛ እንልክላቸው ነበር። እኛ ልከን ረስተነዋል፤ እርሳቸው አልረሱም። በየጀርባውም የልጅ ልጃቸውን እያስጻፉ ስሙንና ቀኑን አስመዝግበዋል። የናጋዱ ፎቶግራፍ ከነጥራቱ በመካከሉ ነበረ፤ በጀርባው በትግርኛ «ወደይ ዝተቐበለኒ መዓልቲ» ተብሎ ተጽፎበታል። ልጄ የተቀበለኝ ቀን ማለት ነው።

በአርባቸው ዕለት ጐልቶ የቆመው እርሱ ነው። ዲስኩ ግን እስካሁን በመሳቢያችን ውስጥ አለ፤ የጠየቅነው የአውሮፓ ላቦራቶር የላከልን ዋጋ ከሁለት ወር ደመወዛችን ስለሚበልጥ፥ የልጆቻችንን የክርስትና ፎቶግራፍ ለማስመለስ ከየወሩ ጥቂት ጥቂት እያጠራቀምን ነው።