የሽንት ምርመራ የመንፈስ ጭንቀትን ያሳያል?

«እንቅልፍ አጣሁ፤ ምግብ አስጠላኝ፤ ሰውነቴ ዛለ። ክሊኒክ ሄጄ ሽንት ብሰጥ ምንም የለብህም ተባልኩ።» እንዲህ ያለው ሮሮ በካምፕ ውስጥ ይሰማል። አንዳንዱም ከዚያ በኋላ ወደ ክሊኒክ አይመለስም።

በክሊኒክ የሚደረገው የሽንት ምርመራ ስኳርን፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንን፣ የኩላሊት ችግርንና እርግዝናን ለማወቅ ይረዳል። የመንፈስ ጭንቀት ወይም ድብርት የሚባለውን ሕመም ግን አያሳይም። ስለዚህ «በሽንትህ ምንም አልተገኘም» ማለት «አልታመምክም» ማለት አይደለም።

ሳይንቲስቶች ሳይሞክሩ አልቀሩም። በ1965 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም ጆሴፍ ሺልድክራውት፣ ድብርት በአንጎል ውስጥ ኖርአድሬናሊን ከተባለው ንጥረ ነገር ማነስ ጋር ሊያያዝ እንደሚችል ጻፉ። ይህ ንጥረ ነገር ሥራውን ሲጨርስ ኤም.ኤች.ፒ.ጂ. ወደሚባል ቅሪት ተለውጦ ከሽንት ጋር ይወጣል። ተመራማሪዎችም የሕሙማንን የ24 ሰዓት ሽንት እያጠራቀሙ ለኩ። ቅሪቱ በአንዳንዶቹ አንሶ፣ በሌሎቹ ግን እንደ ጤነኛ ሰው ሆኖ ተገኘ። ደግሞም አብዛኛው የሚመጣው ከአንጎል ሳይሆን ከሌላው የሰውነት ክፍል ነው። ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞንም በአንዳንድ ሕሙማን ሽንት ውስጥ ይበዛል፤ ሆኖም በሌላ ሕመምም ይጨምራል። በዚህ ምክንያት ምርመራው ለክሊኒክ ሥራ አልበቃም።

ታዲያ ሕመሙ በምን ይታወቃል? በጥያቄና በመልስ ነው። ስደት ላይ ያለ ሰው ማዘኑና መናፈቁ ያለ ነው፤ ይህ ብቻውን ሕመም አይባልም። ነገር ግን ሐዘኑ ወይም የፍላጎት መጥፋቱ በየቀኑ ሳይለቅ 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ እንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎት፣ ጉልበትና ሐሳብን መሰብሰብ ከተጓደሉ፣ ሰውም የዕለት ሥራውን መሥራት ካቃተው፣ መታየት አለበት። የደም ማነስና የታይሮይድ ችግርም ተመሳሳይ ድካም ስለሚያመጡ የደም ምርመራ ሊታዘዝ ይችላል።

ስለዚህ ወደ ክሊኒክ ስትሄዱ ራስ ምታቱን ብቻ ሳይሆን የልባችሁንም ንገሩ። በአስተርጓሚው ፊት መናገር ካሳፈራችሁ ሌላ እንዲቀየርላችሁ ጠይቁ። ሕመሙ በምክርና በመድኃኒት ይታከማል። መድኃኒቱ ለውጥ የሚያሳየው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ስለሆነ «አልሠራልኝም» ብላችሁ ቶሎ አትተዉት፤ ሲሻላችሁም ሐኪም ሳያዝ አታቋርጡ።

ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ሰው ካለ ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ዕለት ወደ ክሊኒክ አምጡት። ይህ ነውር ሳይሆን ሕመም ነው።