የእንግድነት ቀን አቆጣጠር

ጭላዳ ዝንጀሮ ለማየት ከሩቅ አገር መጥተው ቡይት ራስን የረገጡ ጎብኚዎች ሁሉ የተወሰነ ቀን ተሰጥቷቸው የገቡ እንግዶች ናቸው። ቀናቸው ሲያልቅ ይሄዳሉ፤ መቆየት ቢያስፈልጋቸው አስቀድመው የኢሚግሬሽንን መሥሪያ ቤት ይጠይቃሉ። ይህንንም ያገራችን ሰው እንደ ተገቢ ነገር ያየዋል እንጂ እንግዳን እንደ መጥላት አይቈጥረውም። ዛሬ ደግሞ ከደባርቅና ከዳባት እናቶችና አባቶች በተራቸው የወለደች ልጃቸውን ለማረስ ወይም የልጅ ልጅ ለማየት ወደ አሜሪካ የሚሻገሩበት ዘመን ነውና፣ እነርሱም የእንግድነታቸውን ቀን መቍጠር ይገባቸዋል።

ብዙ ቤተ ሰብ የሚሳሳተው ቪዛና የመቆያ ጊዜ አንድ ስለሚመስለው ነው። ቪዛ በር ለማንኳኳት የሚሰጥ ፈቃድ ነው፤ ገብቶ ስንት ቀን መቀመጥ እንደሚቻል የሚወስነው ግን በአውሮፕላን ማረፊያ የሚገኘው ሹም ነው። የአሜሪካ መንግሥት በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠውን የጎብኚ ቪዛ ለሦስት ወርና ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ እንዲሆን አሳጥሮታል። እንዲህም ሆኖ በዚያ ቪዛ የገባች እናት ብዙውን ጊዜ ስድስት ወር ይፈቀድላታል። የመጨረሻው ቀን የሚገኘው «አይ 94» በሚባለው የመግቢያ መዝገብ ነው፤ ልጆቿም ከኮምፒዩተር አውጥተው ሊያነቡላት ይችላሉ።

ሲያነቡ ግን ይጠንቀቁ። በእኛ ልማድ ቀን ይቀድማል፤ አሜሪካኖች ግን ወሩን ያስቀድማሉ። «03/05» ቢል ማርች 5 ማለት ነው፤ ይኸውም የካቲት 26 ነው። በእኛ ልማድ ሜይ 3 ብሎ ያነበበው ሰው ሚያዝያ 25 ይመስለዋል፤ ሳያውቀውም 59 ቀን ያልፍበታል። ስለዚህ ቀኑን በራሳችን አቈጣጠር ለውጦ፣ የወሩን ስም በፊደል ጽፎ እናት በምታየው ግድግዳ ላይ መለጠፍ ትልቅ ጥቅም አለው።

የሕፃኑ ክርስትና ወንድ ቢሆን በ40፣ ሴት ብትሆን በ80 ቀን ስለሚፈጸም ስድስቱ ወር ለዚህ ይበቃል። የሚያስቸግረው በመካከል ሕመም ሲመጣ ወይም አራሷ ቶሎ ሳትጠና ስትቀር ነው። እንዲህ ሲሆን «አይ 539» በሚባለው ቅጽ ማመልከት ይቻላል። መሥሪያ ቤቱ ከማለቂያው ቀን ቢያንስ 45 ቀን ቀድሞ እንዲቀርብለት ይመክራል፤ ቀኑ ካለፈ በኋላ ግን ከልዩ ምክንያት በቀር አይቀበልም። አመልካቹ የሚቆይበትን ምክንያት፣ የሚተዳደርበትን ገንዘብና ወደ አገሩ እንደሚመለስ ያስረዳል። ምክንያቱም እውነተኛ ይሁን፤ ያልታመመን ሰው በወረቀት ማሳመም ኋላ ብዙ መዘዝ ያመጣል። ደመወዝ ተቀብሎ መሥራትም ለጎብኚ የተከለከለ ነው።

በጊዜው ያመለከተ ሰው መልስ እስኪያገኝ ድረስ የሚጠብቅበት ጊዜ እንደ ሕገ ወጥ ቆይታ አይቈጠርበትም። ጥያቄው ውድቅ ቢሆን ግን ከዚያ ጀምሮ ቀኑ ይቈጠርበታልና ሳይዘገይ መነሣት አለበት።

«እናት ናት፤ ማን ይነካታል? ከፋሲካ በኋላ ትሄዳለች» የሚሉ ዘመዶች አይታጡም። ንግግሩ የፍቅር ነው፤ ዋጋውን የምትከፍለው ግን እናት ናት። ከተፈቀደላት ቀን አሳልፋ የቆየች እንደ ሆነ ቪዛዋ ይሰረዛል። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት ከ180 ቀን በላይ፣ ከአንድ ዓመት በታች ያለ ፈቃድ ቆይቶ የወጣ ሰው ለ3 ዓመት እንዳይገባ ይከለከላል፤ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ ደግሞ ለ10 ዓመት ይታገዳል። ልጅ የአሜሪካ ዜጋ ሆኖ ለእናቱ የመኖሪያ ፈቃድ ቢያመለክትላት እንኳ፣ ከወጣች በኋላ ይኸው እገዳ ይጠብቃታል። ይቅርታ መጠየቅ የሚቻለውም ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ የሆነ ባል ወይም የራሷ ወላጅ በመለየቷ ከባድ ችግር እንደሚደርስበት ሲረጋገጥ ነው፤ የልጅና የልጅ ልጅ ናፍቆት በዚህ ሕግ አይቈጠርም።