ከመንገድ የመጣውን ውሻ ከቤተሰብ ጋራ ስለ ማላመድ

ማለዳ በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ ወደ ትምህርት ቤት የሚያመራ መምህር ከተማሪዎቹ አስቀድሞ የሚያገኘው ውሾችን ነው። እነዚህ ሦስት ከተሞች አዲስ አበባን ከብበው በፍጥነት ያደጉ፣ በ2015 ዓ. ም. ከሌሎች ጐረቤቶቻቸው ጋራ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉ ናቸው። ሕንጻ በሚሠራበት ስፍራ ዘበኛው አንድ ሁለት ውሻ ያስጠጋል፤ ሥራው ተፈጽሞ ዘበኛው ሲሰናበት ግን ውሾቹ ከነቡችሎቻቸው መንገድ ላይ ይቀራሉ። ኑሯቸውም በሥጋ ቤት ደጃፍና ቈሻሻ በሚጣልበት ስፍራ ይሆናል። ከእነዚህም አንዱ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆችን ተከትሎ ይመጣና «እናሳድገው» የሚል ልመና በቤቱ ይነሣል።

ይህን ልመና በቍጣ መመለስ ተገቢ ሆኖ አይታየንም። ውሾችን በመርዝ መፍጀት በከተሞቻችን ተሞክሯል፤ ነገር ግን የሞቱትን ስፍራ ያልተከተቡ ሌሎች ውሾች ስለሚይዙት የእብድ ውሻ በሽታ በዚህ አልጠፋም። የዓለም የጤና ድርጅት የሚመክረው ከአንድ አካባቢ ውሾች ከመቶው 70 ያህሉ እንዲከተቡ ነው። በዚህ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው እንደሚሞት ይገመታል፤ ከመቶው 99 የሚሆኑት በሽታው የሚይዛቸው ከውሻ ነው። እንግዲህ ባለቤት ያገኘና የተከተበ አንድ ውሻ ለሰፈሩ ሁሉ ጥቅም ነው።

ዳሩ ግን ፍቅር ከጥንቃቄ መቅደም የለበትም። ውሻው ከልጆች ጋራ ከመላመዱ በፊት የእንስሳት ሐኪም ሊያየው ይገባል። ሦስት ወር የሞላው ቡችላ ይከተባል፤ ክትባቱም ሐኪሙ በሚያዝዘው ጊዜ ይታደሳል። የክትባቱ ኃይል ሙሉ የሚሆነው ግን ከአራት ሳምንት ያህል በኋላ ነው፤ ደግሞም ቀድሞ ወደ ሰውነቱ የገባውን በሽታ አያጠፋም። በሽታውም ምልክት ሳያሳይ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ተደብቆ ይቈያል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውሻውን የሚመግበውና የሚጠብቀው አንድ ትልቅ ሰው ይሁን። ጠባዩ በድንገት ቢለወጥ፣ ለሃጩ ቢዝረከረክ፣ መዋጥ ቢሳነው አጥንት አንቆት ይሆናል ብሎ እጅን ወደ አፉ መስደድ እጅግ አደገኛ ነው።

የሆድ ትልም አለ። በበዓል በየግቢው ከብት ሲታረድ ውኃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ ለውሻ የመወርወር ልማድ አለ። በዚህም ውሻው ትናንሽ የኮሶ ትሎችን ያፈራል፤ የትሉ እንቍላል ከዐይነ ምድሩ ወጥቶ ባልታጠበ እጅ ወይም በአትክልት ወደ ሰው አፍ ይገባል፤ በሰውም ጉበትና ሳንባ ላይ ለዓመታት የሚያድግ እባጭ ያስከትላል። እንዲህ ያለው የሆድ ዕቃ ይቀበር ወይም ይቃጠል። ለውሻው የትል መድኃኒት ከሐኪሙ ይሰጠው፤ ልጆችም ውሻ ከዳሰሱ በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

አሁን ወደ ጠባዩ እንለፍ። በመንገድ ያደገ ውሻ የሰውን እጅ የሚያውቀው በድንጋይ ነው። የጫማውን ክር ሊያስር ጐንበስ ያለ ሰው ባየ ጊዜ ጅራቱን በእግሩ መካከል ሸጕጦ ይሸሻል፤ መጥረጊያ ያነሣች እናት ልትመታው የመጣች ይመስለዋል። ይህን ክፋት ወይም ፍርሃት ብሎ መቅጣት ፍርሃቱን ያጸናዋል። አስቀድሞ ጸጥ ያለ ማዕዘን ይሰጠው፤ ምግቡን በአንድ ሰዓትና በአንድ ስፍራ ያግኝ፤ ስም ወጥቶለት ሁሉም በዚያው ይጥራው። አንዱ «ቡቺ»፣ ሌላው «ና አንተ» ካለው ስሙን ከየት ይማራል? በራሱ ፈቃድ እስኪቀርብ ድረስ መጠበቅ የሚሻል ነው፤ አንዳንዱ በሳምንት፣ አንዳንዱ በብዙ ወር ይለምዳል።

ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት ማሰር በብዙ ቤት የተለመደ ነው። እኛ ግን እንዲህ የታሰረ ውሻ ተናካሽ እንደሚሆን እንጂ ጥሩ ጠባቂ እንደሚሆን አናምንም። አጥር ያለው ግቢ ውስጥ ይፈታ፤ የግቢው በር ይዘጋ። ከእንጦጦ ጀርባ ባለው በሱሉልታ ብርድ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ጣሪያው የማያፈስስ ትንሽ ቤትና ደረቅ ገለባ ያስፈልገዋል። በመኝታ ቤት አለመግባቱ አይጐዳውም፤ ቁንጫና መዥገርም ከአልጋችን ይርቃሉ። ቡችሎች ተመልሰው መንገድ እንዳይሞሉ ወንዱን ማኰላሸት፣ ሴቷንም በቀዶ ሕክምና እንዳትወልድ ማድረግ ስለሚቻል ሐኪሙን መጠየቅ መልካም ነው።

ለልጆች የሚነገረው ጥቂት ነው። የሚበላን፣ የተኛን ወይም ቡችላ የምታጠባን ውሻ አትንኩ፤ ፊታችሁን ወደ ፊቱ አታስጠጉ፤ ቢያስፈራችሁ አትሩጡ።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ልጁ ተነክሶ መደበቁ ነው። አባቱ እንዳይገርፈው፣ ውሻውም እንዳይገደልበት ይፈራል፤ ጭረቷ ትንሽ ናትና ዝም ይላል። የበሽታው ምልክት በሰው ላይ ከታየ በኋላ ግን የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1885 የ9 ዓመቱ ዦዜፍ ሜስተር በሉዊ ፓስተር ክትባት በሕይወት የተረፈው እናቱ ፈጥና ስላደረሰችው ነው። ስለዚህ መምህራን በክፍላቸው ይህን በግልጥ ይንገሩ፦ የተነከሰ ወይም የተቧጨረ ልጅ በዚያው ቀን ይናገር፤ ቍስሉ በወራጅ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ቡና ወይም ቅጠል አይነስነስበት፤ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጤነኛ የሚመስለው የቤት ውሻም ወዲያው አይገደልም፤ 10 ቀን በተዘጋ ስፍራ በሐኪም ይጠበቃል፤ በዚያም ጊዜ ጤነኛ ሆኖ ከቈየ የልጁን ክትባት ለማቋረጥ የጤና ባለሙያው ሊወስን ይችላል። ልጁ ይህን አስቀድሞ ካወቀ የሚደብቅበት ምክንያት አይኖረውም።